የማንን ሽበት ነው የምናከብረው?

በአገራችን ሽበት ይከበራል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። በሰርግ ምርቃት ይነሳል፣ በበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ይነሳል፣ ወጣቱን መውቀስ የፈለገ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ይህን የሚል ሰው ግንቦት ልደታ ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አብነት አካባቢ ካሉት የመዋቢያ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ደስ ይለኛል። በአምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ትገባለች። ሳሙና ትጠይቃለች፣ ቫዝሊን ታገላብጣለች፣ ሌላው ገዢ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያቺ ጥቁሯ አለች?» ትላለች። ባለሱቁ የትኛዋ ብሎ አይጠይቅም። ትንሿን ፓኬት በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ይሰጣታል። ሽበት እንደሚባለው የሚከበር ቢሆን ኖሮ ማጥፊያው ይህን ያህል ገበያ ባላገኘ ነበር።

ይህን የምጽፈው ቀለም የምትቀባዋን ሴት ለመውቀስ አይደለም፤ እሷ ወቃሽ አላጣችም። ጠቡ ከአባባሉ ጋር ነው። እኛ ሽበትን አናከብርም። የምናከብረው የአንዳንድ ሰው ሽበት ነው፤ እሱም በአብዛኛው ወንድ የሆነ፣ ወይ ሹመት ወይ ገንዘብ ወይ የተሰማ ስም ያለው ሰው ሽበት። የቀረው ሰው ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ግን እንከን ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በር ቆልፎ ፀጉር ማጥቆር ከዚህ አድልዎ የመጣ ልማድ ነው፤ የበሩ መቆለፍ ደግሞ አድልዎውን ከዓይን ይሰውርልናል። ከዚያም አልፎ ሰው ይጎዳል፤ እዚያ እደርሳለሁ።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት በር ላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይቁሙ። ጥቁር ካባውን በክንዱ አጥፎ ፋይል የያዘ ሽበታም ጠበቃ ሲመጣ ባለጉዳይ መንገድ ይለቅለታል። «ይኼ ሰውዬ የቆየ ነው፣ ያውቃል» ይባላል። ጆሮው አካባቢ ያለችው ነጭ የገበያ ዋጋ አላት፤ ገና ያልሸበተው ወጣት ጠበቃ ቢያገኛት ይወዳል። በዚያው ሰዓት በዚያው በር የምትገባ፣ በዕድሜም በልምድም ከእሱ የማታንስ ጠበቃ ፀጉሯን እንዲያው ብትተወው ምን ይባላል? «ምን ነካት? ታማ ነበር እንዴ?» ይባላል። የእሱ ሽበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሆኖ ሲቆጠርለት የእሷ የሕክምና ጉዳይ ይሆናል።

ለሴት የሚወረወሩት አስተያየቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው «ራስሽን ጣልሽ» የሚለው ነው። አንድ ሰው ከፀጉሩ ጥቂቱ ስለነጣ እንዴት ራሱን እንደጣለ አስረድቶኝ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው በእህትማማች አንደበት፣ በቡና ላይ፣ በጨዋ ደንብ የሚሰነዘር ነው፤ «ትንሽ ብትነካኪው ልጅ ትሆኚ ነበር»። ሦስተኛው የታክሲ ረዳት ነው። በአርባ ሁለት በአርባ ሦስት ዓመቷ አንድ ጠዋት ጦር ኃይሎች ላይ «ማዘር፣ ጠጋ በይ!» ይላታል። ትናንት «እህት» ነበረች። ልጁ ክፋት የለውም፣ እንዲያውም አክብሮ የተናገረ መስሎታል። እሷ ግን በዚያው ቀን ማታ ሱቅ ትገባለች።

ለሴት ሽበት ያለ ይሉኝታ የሚፈቀድበት አንድ ጊዜ አለ፤ ሐዘን። ጥቁር የለበሰች ሴት ፀጉሯን ብትቆረጥ፣ ባታበጥር፣ ነጩ ቢወጣባት ማንም አይናገራትም፤ እንዲያውም ቶሎ ብትቀባ ነው የምትታማው። ባሏን ወይም ልጇን የቀበረች ሴት ዓመቱን ሙሉ ሽበቷን ይዛ ስትቆይ «በሐዘን ሸበተች» ይባላል። ፀጉሯ ቀድሞም ነጭ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ለዓመታት ደብቃው ኖራለች። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ጥቁሩን ልብስ ያስወልቃታል፣ ፀጉሯንም ተሠሪ ይላታል። እንግዲህ ሴት ሽበቷን በአደባባይ ይዛ የምትታይበት ፈቃድ የሚሰጣት ሰው ሲሞትባት ነው ማለት ነው። ይህንን ክብር ብሎ የሚጠራ ካለ ያስረዳኝ።

ሃይማኖትን ጠቅሰው የሚከራከሩኝ አሉ። እውነት ነው፣ መጽሐፈ ምሳሌ ሽበትን ያወድሳል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በሽበታም ሰው ፊት ተነሥ ብሎ ያዝዛል። የአገራችን ሠዓሊዎችም ሥላሴን ሲሥሉ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሦስት ነጭ ፀጉርና ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች አድርገው ነው። ግን ያንኑ ግድግዳ እስቲ ዞር ብለው ይመልከቱ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሽበት የሚታየው በወንዶቹ ላይ ነው። ሴቶቹ ቅዱሳት በአብዛኛው መጎናጸፊያ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው አይታይም። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን የለመደው ክቡር ሽበት ጢም ያለው ሽበት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የልደታ ነገር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግንቦት 1 የሚከበረው ደግሞ መካን ሆነው ብዙ ዘመን ከቆዩ፣ ሰው ተስፋ ከቆረጠባቸው ባልና ሚስት፣ ከሐናና ከኢያቄም የተወለደችው ልጅ ልደት ነው። የበዓሉ ባለታሪክ እናት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጎረቤት ከቤት ወጥቶ ደጅ ላይ የሚሰበሰበው ለዚህች አሮጊት ደስታ ነው። ለዚህ በዓል የሚዘጋጁት የሰፈሩ ሴቶች ግን በዋዜማው ሽበታቸውን ሲያጠፉ ያመሻሉ። በማግስቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲመጡ አንዳንዷ ግንባሯ ላይ፣ ነጠላው ከፀጉሩ በሚገናኝበት ጠርዝ፣ ላብ ያወረደው ጥቁር መስመር ይታይባታል። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላካብደውም ነበር። የእንጀራም ነገር አለበት። የጡረታ ሕጋችን የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው ይላል። አራት ኪሎ ሄዶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ያነበበ ሰው ደግሞ «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል መስመር ያጋጥመዋል፤ ገንዘብ ያዥ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ አስተናጋጅ፣ የሽያጭ ሠራተኛ ሲፈለግ ይህ መስመር የተለመደ ነው። አንዳንዱ «መልከ መልካም» ይጨምርበታል። በ35 እና በ60 መካከል 25 ዓመት አለ። በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ ሥራ የምትፈልግ፣ ልጅ የምታስተምር፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት መታወቂያዋን ከማሳየቷ በፊት ፊቷንና ፀጉሯን ማሳየት አለባት። ለእሷ ያቺ ፓኬት ቅንጦት አይደለችም። መንግሥት ግን በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ ሽቶና መዋቢያን ከውስኪ ጋር አንድ ላይ ነበር የመደባቸው። እገዳው በኋላ ተነሥቷል። በመሃሉ ፓኬቷ ከገበያ አልጠፋችም፤ በሻንጣ ገባች።

አሁን ወደ ቆለፍነው በር ልመለስ። ቀድሞ በዚህ አገር የሴት ፀጉር ብቻን የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሹሩባ የሚሠራው ደጃፍ ላይ ነው፤ ተሠሪዋ ሠሪዋ ጭን ላይ ራሷን ትጥላለች፣ ሚዶ፣ ለጋ ቅቤ፣ ወሬ አለ። እጅና እግር በእንሶስላ ሲሞቅ ሴቶች በአንድ ላይ ጨርቅ አስረው ያመሻሉ፤ ቀለሙም እንዲታይ የተቀባ ነው። የልደታ የቀድሞ ግቢዎች ለዚህ ይመቹ ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ግቢው ቀረ፣ በምትኩ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁልፍ ያለው መታጠቢያ ቤት መጣ። በሽታን ለመከላከል ትልቅ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ግን የፀጉር ነገርም አብሮ ተቆልፎበት ቀረ።

እስቲ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ሴት አስቧት። ቀኑን የምትመርጠው በውሃ ተራ ነው፤ ውሃ በማይመጣበት ቀን ከተቀባች በጀሪካን ያጠራቀመችው አይበቃትም። ልጆቹ እስኪተኙ ትጠብቃለች። ባሏ አያውቅም፣ ወይም እንደማያውቅ ያስመስላል። ዱቄቱን በአሮጌ የሻይ ብርጭቆ ትበጠብጣለች፤ ብርጭቆው ከዚያ በኋላ ከሌላው ዕቃ ጋር አይቀላቀልም፣ ከመታጠቢያ ገንዳው በታች ከበረኪናው አጠገብ ይኖራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ግንባሯንና ክፋዩን ትቀባለች። የኋላውን በዳበሳ ነው፤ የገዛ ማጅራቱን ማየት የቻለ ሰው የለም። መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲያልፍ ውሃው ይቀጥናል፣ በጆግ እያንቆረቆረች ታጥባለች፤ ፎጣው፣ የመታጠቢያው ነጭ ሸክላ፣ ጆሮዋ ይጠቁራሉ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፋዩ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። እንደገና የውሃ ቀን ይቆጠራል።

ይህ ምስጢራዊነት ከአያቶቻችን የወረስነው አይደለም፤ ገዝተን ያመጣነው ነው። ኦዢን ሹለር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1907 እ.ኤ.አ. የፀጉር ቀለም ቀምሞ ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ኩባንያ ዛሬ ሎሬአል የሚባለው ነው። ቤት ውስጥ መቀባትን የብዙኃን ልማድ ያደረገው ግን አሜሪካዊው ክሌሮል ነው፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ማስታወቂያውን የጻፈችው ሸርሊ ፖሊኮፍ ነበረች። ብልሃቷ ቀላል ነው። አንዲት ቆንጆ እናት ከልጇ ጋር ታሳይና ይህች ሴት ትቀባለች ወይስ አትቀባም ብሎ ተመልካቹ እንዲጠራጠር ታደርጋለች፤ እርግጡን የሚያውቀው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ እንደሆነ ትጨምራለች። ሴቶች ከቀለሙ ጋር አለመታወቅን ገዙ። ድርጅቱ በዚህ ከበረ። አለመታወቅ ግን ተሸጦ አያልቅም፤ በየሦስት ሳምንቱ ይታደሳል።

ጉዳቱን በግልጽ ልናገር። ሽበትን አጥብቀው የሚያጠቁሩት አብዛኞቹ ቀለሞች፣ ፈሳሹም ዱቄቱም፣ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ውህድ ወይም የቅርብ ዘመዱን ይይዛሉ። ውህዱ ሲገባ ቀለም የለውም፤ ፀጉሩ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠቁራል፣ ተመልሶም አይወጣም። ለዚህ ነው በሻምፑ የማይለቀው። ይኸው ውህድ ከታወቁት የቆዳ አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። ተንኮሉ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ላይ ዝም ማለቱ ነው። ሰውነት ይመዘግበዋል፤ በሦስተኛው ወይም በአሥረኛው ጊዜ ራስ ያሳክካል፣ ግንባር ያብጣል፣ ዓይን እስኪጨፈን ይደርሳል። «ስንት ዓመት ተቀብቼው ምንም አላደረገኝም» የሚለው የተለመደ መከራከሪያ ስለዚህ ዋስትና አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ በሚውለው ቅልቅል ውስጥ ይህ ውህድ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በሻንጣ የገባችው ፓኬት ላይ ስንት በመቶ እንዳለ የሚያነብ፣ ቢያነብም የሚረዳ፣ ቢረዳም የሚያምን ማን ነው?

«እኔ ሂና ነው የምቀባው፣ የተፈጥሮ ነው» የምትል ብዙ ናት። ሂና ቅጠል ነው፤ ቀለሙ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ሂና ብቻውን ጥቁር አይሆንም። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ፀጉርን እንደ ከሰል ካጠቆረ ውስጡ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፣ ብዙ ጊዜም የተጨመረው ያው ውህድ ነው። ቅጠሉ ስሙን አዋሰው እንጂ ሥራውን የሚሠራው ኬሚካሉ ነው።

መፍትሔው ተአምር አይፈልግም። ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን ክንድ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ነክቶ መጠበቅ ነው። ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። የሚሞክረው ሰው ግን አላየሁም፤ ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው። በስውር የሚሠራ ሰው ሁለት ቀን አስቀድሞ ክንዱ ላይ ጥቁር ምልክት ይዞ አይዞርም። «ይኼ ምንድን ነው?» ትባላለችና። ያበጠች ጊዜም ሐኪም ዘንድ ቀርባ «ምን በላሽ? ምን ነካሽ?» ስትባል «ዓሣ ይሆናል» የምትል አትጠፋም። ስለዚህ የሚጎዳው ከቀለሙ እኩል ዝምታው ነው የምለው ለማሳመር አይደለም።

እዚህ ላይ ማስፈራራት የሚወዱትን ሰዎች ማቆም አለብኝ። ቀለም የተቀባ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል እያሉ የሚያስወሩ አሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግምገማ ዕድሜ ልካቸውን በሥራ ላይ ለቀለሙ የሚጋለጡትን ፀጉር ሠሪዎች ካንሰር ሊያመጣ በሚችል ሥራ ደረጃ መድቧቸዋል፤ ለራሳቸው የሚቀቡትን በተመለከተ ግን ይህ ነው ብሎ ለመፈረጅ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ይህም አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ያለ ጓንት ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጠቁር የምትውለው የፀጉር ቤት ልጅ ከደንበኛዋ ይልቅ ልታሳስበን ይገባ ነበር። ስለ እሷ ግን ማንም አያወራም። የተፈጥሮ ውበት ሰባኪዎችም አያወሩም፤ እነሱ ሥራቸው ሴትን መቆጣት ነው፣ ብትቀባ «ሐሰተኛ»፣ ባትቀባ «ዝርክርክ»።

ቀለም ራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ለማየት መርካቶ ወይም አንዋር መስጊድ አካባቢ መሄድ ይበቃል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ያያሉ። በእስልምና ትውፊት መካ በተከፈተች ጊዜ የአቡበክር አባት አቡ ቁሓፋ ፀጉራቸውም ጢማቸውም እጅግ ነጥቶ ሲቀርቡ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለሙን ለውጡት፣ ጥቁርን ግን ራቁ ማለታቸው ተዘግቧል። ሊቃውንቱ በጥቁሩ ብያኔ ላይ ይለያያሉ፤ ያ የእነሱ ነው። እኔ የማየው ውጤቱን ነው። ቀይ ጢም ያላቸው አዛውንት አሸብርቀዋል፣ ማንም ግን ሠላሳ ዓመት ናቸው ብሎ አይሳሳትም፤ እሳቸውም እንዲሳሳት አይፈልጉም። የተቀቡት በግልጽ ነው፣ በኩራትም ነው። ቀለምን ከውሸት መለየት ይቻላል ማለት ነው።

«እኔ የምቀባው ለራሴ ብዬ ነው፣ ማንም አስገድዶኝ አይደለም» የሚል መልስ ይመጣብኛል። አምናለሁ። መብቷም ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ለራስ የሚደረግ ነገር ለምን በር ይቆለፍበታል? ለራሷ ብላ ቀሚስ የምትገዛ ሴት ቀሚሱን በጥቁር ፌስታል አትደብቀውም፤ ለጎረቤት ታሳያለች፣ ዋጋውንም ትናገራለች፣ ትንሽ ቀንሳም ቢሆን። መምረጥ የሚባለው ሁለቱም መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። ባትቀባ የምትከፍለው ዋጋ የታወቀ ነው፤ በሥራ ቦታ፣ በታክሲ፣ በሰርግ ቤት ትከፍላለች። ያ ዋጋ እስካለ ድረስ ማንኛዋ በምርጫዋ እንደተቀባች፣ ማንኛዋ ፈርታ እንደተቀባች እሷም ራሷ መለየት ያስቸግራታል።

ወንዶቹን የረሳሁ እንዳይመስላቸው። እነሱም ይቀባሉ። ፀጉር ቤት ጺማቸውን ሲስተካከሉ «ትንሽ ንካልኝ» ይላሉ፣ ልጁም ይገባዋል። ከምርጫ በፊት፣ ሁለተኛ ሚስት ሲፈለግ፣ ከውጭ አገር የመጣ ጓደኛ ሊገናኙ ሲሉ ይጠቁራሉ። አንዳንዱ ቅንድቡን ጨምሮ ያጠቁራል፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት የተቆጣ ይመስላል። ልዩነቱ ወንድ ሲደክመው መተው መቻሉ ነው። በተወው ማግስት «ጋሼ» ይባላል፣ ሽምግልና ይጠራል። ሴቲቱ በተወችው ማግስት የምትጠራበትን ነግሬያለሁ።

ስለዚህ ይህን ልማድ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከሴቲቱ ፀጉር ላይ እጁን ያንሳ። ቀጣሪው ከማስታወቂያው ላይ የ35 ዓመቱን መስመር ይሰርዝ። መዋቢያን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፓኬቷ ውስጥ ያለውን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ያስጽፍ፤ ጥቁር ሂና የሚለው ስም ከነአካቴው ቢቀር ይሻላል። ሴቶቹ ደግሞ፣ መቀባት ከፈለጉ፣ ከመታጠቢያ ቤት ይውጡ። ብዙው የኮንዶሚኒየም ግቢ በርበሬ የሚቀነጠስበት፣ ለድግስ የሚበሰልበት የጋራ ቤት አለው። ቀለሙም እዚያ ይበጥበጥ። ጓንት ይደረግ፣ አንዷ የሌላዋን ማጅራት ትቀባላት፣ ከሁለት ቀን በፊት የተነካው ክንድ ቀልቶ እንደሆነ ጎረቤት አይቶ «ተይው፣ አይስማማሽም» ይበላት። መቀባት የማትፈልገው ነጭ ፀጉሯን ይዛ አጠገባቸው ቡና ታፍላ። «ራስሽን ጣልሽ» ሊላት የመጣ ሰው ካለ ቡናውን ሳይጠጣ ይሂድ።